ስም ሲጠራ

ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም በማትርቀው ኮንጋ፣ የድሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲገናኙ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ሐዋሳም አዲስ አበባም ያለው ለቤተሰቡ ቡና ለቀማ ስለሚመጣ፣ ጠሪው ወቅቱ ራሱ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ቅጽል ስም ነው፤ ዛሬ አንቱ የተባለው ሰው «አንተ ድንች!» ሲሉት እየሳቀ ዘወር ይላል። ጭቃውን በባዶ እግራቸው አልፈው ከተማ ሲደርሱ ጫማ ማጥለቃቸው ይነሳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ማጥናታቸውን በኩራት ያወራሉ። ከሁሉ የምወድላቸው ግን ጡረታ ለወጡት መምህራቸው ጋቢ ማልበሳቸውን ነው። እሳቸውም መርቀው ሲያበቁ የእያንዳንዱን የሂሳብ ውጤት በቃላቸው ሲዘረዝሩ፣ ሳቁ ግቢውን ይሞላዋል።