የመፈንቅለ መንግሥት ጨዋታ

የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለድ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» (2007 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች አንድ ጨዋታ አላቸው። አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና ዓመቱን ይገምታሉ። ሴፋ ኢትዮጵያዊ፣ ኬኔት ኬንያዊ፣ ጆሴፍ ኮንጎአዊ ነው። የሚገናኙት ሴፋ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ላይ በከፈታት ሱቅ ነው። (ኬኔት ኢንጂነር ስለሆነ ትንሽ አደላለታለሁ።)

ብዙ ሰው መጽሐፉን የብቸኝነት ታሪክ አድርጎ ነው የሚያነበው። ልክ ነው፤ ግን እነዚህ ሰዎች ቡድን አላቸው! በቋንቋ አይገናኙም፣ በአገር አይገናኙም። ቦካሳ ሲባል ግን «ደግሞ እሱ ማነው?» የሚል የለም። ለኔ የአንድ ቡድን አባል መሆን ማለት ይሄ ነው፦ ሳታብራራ መግባባት። ጎረቤቱ ጁዲት ዘንድ ሴፋ ይሄን አያገኝም።

ችግሩ፣ ጨዋታው መደበቂያም ነው። የሴፋን አባት በደርግ ጊዜ ወታደሮች ደብድበው ወስደውታል። እንዲህ ያለው ነገር ስምና ዓመት በመገመት አይነገርም። ሦስቱ ይስቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሌላ ስም ይጠራሉ።

ለዚህ ይመስለኛል ሴፋ ከጁዲት ልጅ ከናኦሚ ጋር ሱቁ ውስጥ «ካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን የሚያነብባቸው ገጾች የበለጠ የያዙኝ። እዚያ ዓመት የሚጠይቀው የለም።