ውሃ የሚያነሳው ፈርፊ

የፈርፊን የውሃ ቦቴ ከጎኑ ካዩት ተራ ዕቃ ነው፤ የተጠቀለለ ላሜራ፣ ከሥሩ የእንጨት ተሸካሚ፣ የብረት መንኮራኩር፣ ከፊቱ አንድ ፈረስ። ጥበቡ ያለው ጫፉ ላይ ነው። በርሜሉን የሚደፍነው ክብ ክዳን መካኒኮቻችን ጊዛ ከሚሉት ብረት የተሠራ ነው። «ፈርፊ» የሚለው ስም በትልልቅ ፊደላት መሐሉ ላይ ጎልቶ ወጥቷል፤ ዙሪያውን ደግሞ የፋብሪካው ሌሎች ምርቶችና ሼፐርተን የሚለው የከተማው ስም ተደርድረዋል። ቀለም ወይም ጭረት እንዳይመስላችሁ፤ ፊደሉና ክዳኑ አብረው የፈሰሱ አንድ ብረት ናቸው።

እንዲህ ያለው ሥራ መጀመሪያ የእንጨት አምሳያ ይፈልጋል። አምሳያው እርጥብ አሸዋ ላይ ተጭኖ ይነሳል፣ በተወው ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ብረት ሲቀዘቅዝ በመቶ አንድ ያህል ስለሚኮማተር አምሳያው ያንኑ ያህል ተልቆ መቀረጽ አለበት። የየፊደሉ ግድግዳም ቀጥ ብሎ ከቆመ አምሳያው ሲነሳ አሸዋውን ይዞት ይወጣል፣ ፊደሉም ተቆርሶ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁሉም በስሱ ይዘምማል። አንድ ፊደል ቢበላሽ ክዳኑ በሙሉ ጉድለቱን ይዞ ይወጣል። ይህን እያወቁ ያን ሁሉ ጽሑፍ ክዳን ላይ መደርደር፣ በእኔ ዓይን፣ በእጅ መተማመን ነው።

ባለሙያው ጆን ፈርፊ የአውስትራሊያ አንጥረኛ፣ በዚያ ላይ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። ቦቴውን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ነው። የያዘው ውሃ 180 ጋሎን፣ ማለትም ከ800 ሊትር በላይ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በሜልበርን አቅራቢያ ብሮድሜዶውስ በሚባለው የጦር ሰፈር ውሃ የሚያመላልሱት እነዚሁ ቦቴዎች ሆኑ። ነጂዎቹ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ውሃም ወሬም ያደርሳሉ። ወታደሩ ዕቃውን ይዞ ተራ ሲጠብቅ «ልንዘምት ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ልንበተን ነው» ይላል፤ ከፊታቸው ያ የብረት ስም ተገትሯል። ብዙም ሳይቆይ አሉባልታ ሁሉ «ፈርፊ» ተባለ። ቃሉ ከወታደሮቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ጋሊፖሊ የጦር ግንባር ደረሰ፤ አውስትራሊያውያን እስከ ዛሬ መሠረት የሌለውን ወሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ያለ ጥፋቱ የተሰደበው ግን ቦቴው ነው፤ ወሬው ውሃ አያነሳም፣ እሱ 180 ጋሎን ያነሳል።

የጆን ወንድም ጆሴፍ ደራሲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ልብ ወለዱን ያሳተመው «ቶም ኮሊንስ» በሚል የብዕር ስም ነው። ቶም ኮሊንስ ደግሞ በዚያ ዘመን ወሬ ሁሉ የሚላከክበት የሌለ ሰው ነበር። ስለዚህ የቃሉን አባትነት ለደራሲው ለመስጠት የሚቃጣው አይጠፋም። እኔ ግን ከአንጥረኛው ጋር ነኝ፤ የውሃ ወረፋ ላይ የቆመ ወታደር የሚያነበው ልብ ወለድ ሳይሆን ክዳን ነው።

በኋላ በተሠሩት ክዳኖች ላይ ሌላም ተጨመረ። አንዱ ጥሩው የተሻለ፣ የተሻለውም ምርጥ እስኪሆን እንዳያርፉ የሚመክር ስንኝ ነው፤ ለዚህ ዓይነት እጅ የሚገባ ምክር። የእኔ ምርጫ ግን በፒትማን ስቴኖግራፊ፣ ማለትም በጸሐፊዎች ፈጣን አጻጻፍ የገባው መስመር ነው። እነዚያ ቀጫጭን ጭረቶች ከአሸዋ ሳይቆረሱ መውጣታቸው ያስደንቃል። ላላወቀው ጌጥ ይመስሉታል፤ ማንበብ የሚችል ግን ውሃ የእግዚአብሔር ስጦታ፣ ቢራና ውስኪ የሰይጣን ሥራ መሆናቸውን ይረዳል።

ዛሬ አውስትራሊያ ውስጥ ፈርፊ የሚባል ቢራ ይሸጣል።