ስለ አንጐል መቀስቀሻ መሣሪያ የወጣው መጠይቅና የቡታጅራ ሰው

የራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጐልን ከውጭ የሚቀሰቅሱ መሣሪያዎች ዛሬ ከሐኪም ቤት ዐልፈው በዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍሎች ገብተዋል። ከነዚህ ዋናው በ1985 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ያስተዋወቁት ማግኔታዊ መቀስቀሻ ነው። በራስ ላይ በሚደገፈው የሽቦ ጥቅልል ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ለቅጽበት ያልፋል፤ ከዚህም የሚነሣው የማግኔት ኃይል አጥንቱን ተሻግሮ በአንጐል ውስጥ ሌላ ጅረት ያስነሣል።

ስለ መሣሪያው የጥንቃቄ መመሪያ በጣልያን አገር በሲየና በተደረገ ጉባኤ ተመክሮበት በ2009 ታተመ፤ በ2021ም ታደሰ። ለምርምር የሚቀርበውን ሰው አስቀድሞ ለመመርመር የሚያገለግለው መጠይቅ ደግሞ በ2011 ተሻሽሎ ወጥቷል። ስለ ጆሮ መከላከያ፥ በራስ ውስጥ ስለ ቀረ ብረት፥ ስለ ልብ ማስተካከያ መሣሪያ የተባለውን ሁሉ ያለ ክርክር እንቀበላለን። የምንነቅፈው መጠይቁ መልስ ሰጪውን እንዴት ያለ ሰው አድርጎ እንደ ገመተ ነው።

ከሁሉ የሚፈራው አደጋ ድንገተኛ መንፈራገጥ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ከ300 ሺህ በሚበልጡ የመቀስቀስ ጊዜያት ውስጥ የቈጠረው 24 ብቻ ነው። ነገር ግን ቍጥሩ እንዲህ ሊያንስ የቻለው በከፊል ለአደጋው የተጋለጡት አስቀድመው ስለሚለዩ ነው። የሚለዩትም በመጠይቁ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጥል በሽታ አለብህን፥ ወይም ተንፈራግጠህ ታውቃለህን የሚል ነው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ወደ ቡታጅራ እንውሰደው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና በማረቆ ገጠር ቤት ለቤት አስጠይቀው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ተገኝተዋል። በዚያው አካባቢ የሕዝቡ አስተያየት ሲጠየቅም በሽታው በመነካካት ይተላለፋል ብሎ የሚያምነው ብዙ ነበር። እንዲህ ያለ እምነት ባለበት አገር፥ ያውም ጠያቂው የማይታወቅ ወጣት ተማሪ ሆኖ ሳለ፥ «የለብኝም» የሚለው መልስ ምን ያህል ሊታመን ይችላል? ልጅቷ ለመዳር የደረሰች እንደ ሆነችማ መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ስለ ጫት ነው። መጠይቁ መድኃኒት ትወስዳለህን ይላል፤ ጫት የሚቅም ሰው ግን ጫቱን ከመድኃኒት አይቈጥረውም። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከ10,468 ጐልማሶች ውስጥ ግማሾቹ በዚያን ጊዜ ጫት የሚቅሙ እንደ ነበሩ ያሳያል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ እንቅልፍንም ይነሣል። አነቃቂ ዕፅና የእንቅልፍ እጦት አንጐልን ለመንፈራገጥ የሚያቀርቡ መሆናቸውን መመሪያው ራሱ ያስተምራል፤ ታዲያ ትናንት ማታ ቅመሃልን፥ ስንት ሰዓትስ ተኛህ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል።

አንዳንዶች ቡታጅራ ራሷ መፍትሔውን አሳይታለች ይሉናል። በእርግጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት በመጠይቅ ብቻ ሳይወሰን የአካባቢውን ነገር ዐዋቂዎች ጥቆማ ጨምሮ ነበር። ዘዴው ሕሙማንን ፈልጎ ለማግኘት መልካም ነው። ለኛ ጕዳይ ግን አንስማማበትም፤ በፈቃዱ ለምርምር የመጣን ሰው ምሥጢር ከጎረቤቱ መጠየቅ እርሱን ከአንዱ አደጋ አድኖ ወደ ሌላው መጣል ይሆናል። ይልቅስ የጤና ባለሙያ በሰዋራ ክፍል፥ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ፥ የበሽታውን ስም ሳይጠራ ነገሩን ይጠይቅ፦ ራስህን ስተህ እሳት ላይ ወድቀህ ታውቃለህን? ምላስህን ነክሰህ ነቅተሃልን? ሰውየውም ምክንያት ሳይሰጥ መተው እንዲችል፥ የመጣበትም የትራንስፖርት ገንዘብ እንዳይቀርበት ይደረግ። ገንዘቡ የሚቀርበት ከሆነ እውነቱን የሚናገረው ማነው?

በደካማ ቀጥተኛ ጅረት ስለሚሠራው ሁለተኛው መሣሪያ ብዙ አንልም። ጅረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር ነው፤ የሚታወቀውም ጕዳቱ ከኤሌክትሮዱ ሥር ቈዳን ማቃጠሉ ነው። ኤሌክትሮዱ በጨው ውሃ ርሶ ቈዳውን በትክክል ካልነካ ጅረቱ በአንድ ቦታ ይከማቻል። ሹሩባ የተሠራና ቅቤ የተቀባ ጠጕር ደግሞ ውሃውን አያስገባም። ስለዚህ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ መሣሪያውን ይዞ የሚሄድ ተመራማሪ ለተሳታፊዋ ሴት ቀጠሮ ሲሰጥ ጠጕሯን ሳትቀባ እንድትመጣ ከሳምንት በፊት ይንገራት፤ በዕለቱ ተነግሯት ሹሩባዋን እንድትፈታ መጠየቅ ነውር ነው።