በካርታ ስላሉ መደቦችና መለያ ቁጥሮች፤ ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ

በኮምፒዩተር በሚሠራ ካርታ ላይ እያንዳንዱ መደብ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ይኸውም ለአንባቢ የሚታይ ስምና ለመሣሪያው የሚያገለግል መለያ ነው። ኪውጂአይኤስን በመሰለ ፕሮግራም ስሙን ማረም መለያውን አይነካም። የመደቡ መለያ ከመረጃው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ግን ቦታው ቀለሙን ያጣል፥ ወይም ሳይሣል ይቀራል።

የዚህ ልዩነት ጥቅም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ጎልቶ ይታያል። ስማዳ በ«ሥ» ቢጻፍም በ«ስ» ቢጻፍም ለአገሬው ሰው አንድ አገር ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ስምን መለያ ማድረግ ስሕተት ነው።

ቁጥርም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አንድ ወረዳ የነበረው እስቴ፥ በ1999 ዓ.ም. ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሎ ተቈጥሯል። የቀድሞው ቁጥር ከሁለቱ ለአንዱ ቢሰጥ፥ ቆጠራዎቹን የሚያነጻጽር ተማሪ ሕዝቡ የተሰደደ ወይም ያለቀ ይመስለዋል። የሚገባው ለሁለቱም አዲስ ቁጥር ሰጥቶ አሮጌውን ከነዘመኑ ማቈየት ነው።

የመደቡ ስም ግን ከሕዝቡ አፍ ሊወሰድ ይገባል። የመማሪያ መጻሕፍት ደጋንና ቆላን በሜትር ይለያሉ፤ ከወገዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ገበሬ ግን የቆላውን መግቢያ የሚያውቀው በእህሉና በሙቀቱ ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት መባሉም ራሱ የከፍታ ምደባ ነውና፥ ካርታ ሠሪው ይህን በቁጥር ተክቶ ሊያጠፋው አይገባም።