ስለ አቶ ግሩም መዝሙር የጃዝ ሥራ ጥቂት የሂስ አስተያየት

በአገራችን ስለ ጃዝ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው የዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ ስም ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ ስለ መጡት ሙዚቀኞች የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ፥ ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው የኢትዮጵያ ጃዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያለቀ ይመስለዋል። ይህ ጽሑፍ በዘመናችን ከሚሠሩት መካከል ስለ አንዱ፥ ስለ ጊታር ተጫዋቹና የባንድ መሪው ስለ አቶ ግሩም መዝሙር ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ለመዘርዘር አልተነሣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጊታረኛ ሆነው ሳለ በታወቁበት ሥራ ላይ ጊታራቸውን ስለ ምን ዝቅ አደረጉት የሚል ነው።

ጥያቄውን ለመረዳት ስለ ቅኝት ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ትዝታ ሜጀር በሚባለው መልኩ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ የሚሉ አምስት ድምፆች አሉት፤ ፋና ሲ የሉበትም። ጃዝ የተማረ ጊታረኛ ግን ዜማን ወደ ማረፊያው የሚመልስበት ዋናው ኮርድ ሶል፥ ሲ፥ ሬ፥ ፋ ነው። እንግዲህ ያንን ኮርድ በመታ ቁጥር ዜማው የማያውቃቸውን ሁለት እንግዶች ያስገባል ማለት ነው። በአንቺ ሆዬ ነገሩ ይብሳል፤ ከአምስቱ ድምፆች አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሚራራቁ የተለመደው ኮርድ ጨርሶ አይገጥማቸውም። ክራር ይህ ጣጣ የለበትም፤ ጅማቶቹ የሚቃኙት ለቅኝቱ ብቻ ነውና። ጊታር ግን ዐሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጊታረኛው በየመስመሩ ወይ ቅኝቱን ወይ ኮርዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

አቶ ግሩም እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የተባለውን ቡድን ሲያቋቁሙ፥ በእኔ አስተያየት፥ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን የመሣሪያ ስብስብ አግኝተዋል። ክላርኔት፥ ማንዶሊን፥ አኮርዲዮን፥ ጊታር፥ ኮንትራባስና ከበሮ ናቸው። ማንዶሊኑን የያዙት አንጋፋው አቶ አየለ ማሞ ነበሩ፤ አቶ ግሩም ራሳቸው ከጊታሩ ሌላ አኮርዲዮን ይጫወታሉ። ዜማዎቹ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በከተማችን ይሰሙ ከነበሩት ዘፈኖች የተወሰዱ ናቸው። በዚያው ጊዜ የውጭ አገር አድማጭ፥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወጡት የኢትዮፒክ አልበሞች አማካይነት፥ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማለት መለከትና የኤሌክትሪክ ጊታር ነው ብሎ ለምዶ ነበር። አቶ ግሩም ያንን ገበያ ተከትለው ቢሄዱ ማንም ባልነቀፋቸው። እርሳቸው ግን ከዚያ ወደ ቀደመው፥ ጸጥ ወዳለው ድምፅ ተመለሱ።

«ትውስታ» የተባለውን አልበም በጥሞና የሰማ ሰው ኮርዱ በአንድ እጅ ላይ እንዳልተጫነ ይረዳል። ማንዶሊኑ ቅኝቱን አይለቅም። ክላርኔቱ እየተከተለ ይመልስለታል። አኮርዲዮኑ ድምፁን ስለሚያቆይ እንግዳው ድምፅ በድንገት አይገባም፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለጊታሩ የቀረው ምቱን መጠበቅና አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ድምፅ ጣል ማድረግ ነው። ይህ የመሪ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊታረኛ እንዲህ ያለውን ዝምታ አይችለውም።

ይህን ስል ጉድለቱን መሸፈኔ አይደለም። አልበሙ ጣፋጭነቱን እጅግ ይወዳል። ዜማው ሊናደድ በሚገባው ቦታም በፈገግታ ያልፋል፤ የብቻ ጨዋታዎቹም ሊሞቁ ሲሉ ይቆረጣሉ። የአቶ ግሩምን ጊታር በረጅሙ መስማት የሚሻ ሰው ወደ መድረክ መሄድ ይኖርበታል።

መድረኩ ግን የት ነው? በስድስት ኪሎ አካባቢ፥ ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ሳይርቅ፥ ኮፊ ሐውስ በተባለው ቤት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሲጫወቱ የሰሟቸው ዛሬ ድረስ ያወሱታል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር በጣይቱ ሆቴል ጃዝአምባን ከፈቱ፤ እርሱም በጥር 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ሆቴሉን ባጋጠመው የእሳት ቃጠሎ ጠፋ። በእነዚያ ምሽቶች ተጫዋቾች ሲፈተኑ፥ አንዱ ከሌላው ሲማር፥ አንድ ዜማ በሳምንቱ ተለውጦ ሲቀርብ የነበረው ሁሉ በአልበም አልተያዘም። እኛ ተማሪዎች ስለ አንድ የጃዝ ሰው በአልበሞቹ ቍጥር ስንፈርድ ከሥራው የሚበዛውን ትተን ነው። እኔ ራሴ ነዋሪነቴ ንፋስ ስልክ-ላፍቶ ስለ ሆነ፥ ፒያሳ አምሽቶ ወደ ላፍቶ መመለስ ለተማሪ ኪስ ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምፈርደው በአብዛኛው ቤቴ ሆኜ በሰማሁት ነው።

እዚያው ሰፈር አንድ ቀን ማታ አልበሙን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አሰማኋቸው። እኔ ስሰማ የነበረው ከላይ የጻፍኩትን ኮርድ ነው። እርሳቸው ግን ዘፋኝ በሌለበት ዜማ ላይ ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በለሆሳስ አወጡት። ሲያልቅ አስተያየታቸውን ጠየቅኋቸው። «መልካም ነው ልጄ፤ ግን እኛ ስንጨፍርበት ከዚህ ይፈጥን ነበር» አሉና በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ እየመቱ ፍጥነቱን አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዝግታው የአቶ ግሩም ምርጫ ይሁን የሽማግሌው የወጣትነት ትዝታ ያፈጠነው ይሁን ለመለየት ገና አልቻልኩም።