«ትይዛለች» ስለምትባል ቃል፦ የቸርኬ ፍሬን ሲመረጥ

ሁለተኛ እጅ ሳይክል ልትገዢ ስትሄጂ ሻጩ የሚያሳይሽ ቀለሟንና ማርሿን ነው። ስለ ፍሬኗ ከጠየቅሽው እጀታዋን አንዴ ጨበጥ አድርጎ «ይኸው፣ ትይዛለች» ይልሻል። እኔም ዛሬ ልሄስ የተነሳሁት ይቺን «ትይዛለች» የምትል ቃል ነው። ባዶ ሳይክል ሱቅ ውስጥ ቆማማ ምን ያቅታታል? ጥያቄው ከኋላ ሁለት ቦርሳ ተጭኖባት፣ አንቺም ላይዋ ሆነሽ ቁልቁለት ስትወርጂ ነው።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ከቤይሩት ወደ በቃ የሚያልፈው የደማስቆ መንገድ ዳህር ኤል ባይዳር ላይ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። (ሂዱበት ማለቴ አይደለም፣ የከባድ መኪና መንገድ ነው።) አንቺ፣ ሳይክሏና ዕቃሽ በድምሩ 90 ኪሎ ብትሆኑ፣ ከዚያ እስከ ባሕሩ ስትወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት አራት ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። ፈርተሽ ፍሬን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ከወረድሽ ግን አብዛኛው የሚገባው ቸርኬው ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ፍሬን የሚጨብጠው ጎማው የተቀመጠበትን ብረት ራሱን ነው። ቸርኬው ከመጠን በላይ ከጋለ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ መሀል መሀል ቆም ብሎ ማቀዝቀዝ ፍርሃት አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫው። ለጉዞ ሳይክል የሚቀርቡት ሦስት ናቸው። ካሊፐር የሚባለው፣ በአንድ ብሎን ፎርኬላው አናት ላይ የሚታሰረው፣ ለቀጭን ጎማ የተሠራ ነው፤ ወፍራም ጎማና ጭቃ መከላከያ ስትጨምሪ ቦታ ያጥረዋል። እሱን ልለፈው። ካንቲሊቨር የድሮ ጉዞኞች ፍሬን ነው፤ ሁለቱን ክንድ ከመሀል የምታያይዝ አጭር ሽቦ አለችው። ቪ ብሬክን ደግሞ ሺማኖ በ1996 እ.ኤ.አ. ለተራራ ሳይክል ያወጣው ነው፤ ክንዶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ሽቦው በቀጥታ ያቋርጣቸዋል።

ካንቲሊቨርን የሚያወድሱ አሉ፣ ቦታ ስለማያጣብብ። እኔ ግን ለእኛ አልመርጠውም። ጥንካሬው የሚወሰነው በዚያች አጭር ሽቦ ከፍታ ነው፤ ዝቅ ካለች በደንብ ይይዛል፣ ከፍ ካለች ይደክማል። ሸራው እያለቀ ሲሄድም ከቸርኬው በታች የመንሸራተት ጠባይ አለው። በሳምንት አንዴ፣ በዕረፍት ቀኗ ብቻ ሳይክሏን የምታይ ሴት ይሄን ሁሉ የመከታተል ጊዜ የላትም። ቪ ብሬክ በአንድ ብሩጎላ ይስተካከላል።

ግን ቪ ብሬክም ያለ ትክክለኛ እጀታ ዋጋ የለውም። የእሱ እጀታ ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሽቦ ይስባል። የድሮ እጀታ ከቪ ብሬክ ጋር ካጋቡት፣ ሸራው በደንብ ሳይጫን እጀታው መሪው ላይ ይደርሳል። ተገላቢጦሹ፣ የቪ ብሬክ እጀታ ከካንቲሊቨር ጋር፣ እጅ ላይ ደርቆ በቅጡ አይዝም። ሻጩ ያየሽ ጊዜ «ትይዛለች» የሚልሽ ይሄኛውን ነው፣ ድርቀቱ ጥንካሬ ስለሚመስል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የእጅ ነገር ነው። ብዙ ሳይክል ላይ እጀታው ለትልቅ እጅ ርቆ ተስተካክሎ ይመጣል። ጣቶቼ ጫፉ ላይ ብቻ ከደረሱ ምን ጉልበት አለኝ? ያውም ቀኑን ሙሉ ሲወለውልና ሲጨምቅ በዋለ እጅ። አብዛኛው እጀታ ላይ፣ ከመሪው በኩል፣ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ስታጠብቂ እጀታው ወደ ጣትሽ ይቀርባል። ስለዚች ብሎን የነገረኝ ሻጭ እስካሁን የለም። እኛ አንድ የእጅ ስብራት ማለት ሥራ ማጣት፣ አንዳንዶቻችንም ከሥራው ጋር መኖሪያና ወረቀት ማጣት እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ነው በብሎኗ የምከራከረው።

ስትገዢ የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ያዢ። ቸርኬው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ክፉኛ ይንሸራተታል። ካልተጣበቀ አሉሚንየም ነውና እሱን ምረጪ። ሸራው የሚነካውን ጎን በጣትሽ ዳብሺው፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ አልቋል፣ ይቅርብሽ።

ስታስተካክዪ መጀመሪያ ጎማውን አሽከርክሪ። ቸርኬው ከተወላገደ ፍሬን አስተካክሎ አይሆንም፣ ቸርኬው ይቃና። ከዚያ ሸራው ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ፤ ጎማውን ከነካ ይበላዋል። የሸራው የፊት ጫፍ ከኋላው አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀድሞ እንዲነካ አድርጊ፤ ከኋላው ጫፍ ሥር ቁራጭ ካርቶን አስገብተሽ ብሎኑን ብታጠብቂ ይመጣልሻል። ጩኸቱ በአብዛኛው በዚህ ይጠፋል። አንዱ ክንድ ሰንፎ ሌላው ብቻ ከሠራ፣ ከጎን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በግማሽ በግማሽ ዙር እያዞርሽ አመጣጥኚ። ሸራው ላይ የሚያብለጨልጭ ፍንካች ካየሽ በመርፌ አውጪው፣ ቸርኬውን የሚፍቀው እሱ ነው።

ከመውጣትሽ በፊት የትኛው እጅ የፊቱን እንደሚይዝ ሞክሪ፣ ሁሉም ሳይክል አንድ አይደለም። በብርቱ የሚያቆምሽ የፊቱ ነው፤ በድንገት ከጨበጥሽው ግን ወደፊት ይገለብጥሻል። አዲስ ሽቦ ካስገባሽ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይላላልና ብሩጎላውን ከቦርሳሽ አታውጪ።