«የተፈጥሮ ምርጫ» ስለሚለው ቃል ሐተታ

ይህን ቃል ያወጣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ነው፤ የሕያዋንን ወገኖች አመጣጥ የሚናገረው መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ታተመ። ነገሩ ብርቱ ነው፤ ስሙ ግን አንባቢን ያስታል፤ ምርጫ ሲባል መራጭ ይፈለጋልና።

ዳርዊን ስሙን የወሰደው ከርግብና ከከብት አርቢዎች ሥራ ነው፤ እነርሱ የወደዱትን መርጠው ያራባሉና። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ ግን እንዲህ ነው፤ ሕያዋን በመልክና በዐቅም ይለያያሉ፤ ልዩነታቸው ለልጅ ይወረሳል፤ ለጊዜውና ለስፍራው የተስማማው በብዛት ተርፎ ይወልዳል፤ በብዙ ትውልድም ወገኑ ይለወጣል። በዚህ ውስጥ እንደ አርቢው አይቶ የሚመርጥ የለም።

አልፍሬድ ዋላስ በ1866 ይህንኑ ለዳርዊን ጻፈለት፤ በፈንታውም ኸርበርት ስፔንሰር ያወጣውን «የተስማሚው መትረፍ» የሚለውን ቃል እንዲይዝ መከረው። ዳርዊንም በ1869 በታተመው በአምስተኛው እትም ቃሉን አገባው። ነገር ግን አንዱ ስሕተት ሲታረም ሌላ ተወለደ፤ «ተስማሚ» ያለውን «ኀይለኛ» ብለው የተረጐሙ ሰዎች ደካማውን ለመናቅ ምክንያት አደረጉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቃሉን በሥራው እንፍታው። በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል ዳፍኔ ማጆር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ጴጥሮስ ግራንትና ባለቤቱ ሮዝመሪ ከ1973 ጀምሮ በዚያ ፊንች የሚባሉትን ትናንሽ ወፎች መንቈር እየለኩ ጻፉ። በ1977 ዝናም ቀረ፤ ጥቃቅኑ ዘር አለቀ፤ እንደ ኵርንችት ያለው ጠንካራ ፍሬ ቀረ። ትልቅ መንቈር ያላቸው ሰብረው በሉ፤ ከትንንሾቹ የሚበዙት ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት የተፈለፈሉትም እንደ ወላጆቻቸው መንቈራቸው ተለቅ ያለ ሆነ። ከተረፉት አንዱ ስንኳ ወድዶ መንቈሩን አላሳደገም፤ የተለወጠው ትውልዱ ነው።

በ1983 ግን ብዙ ዝናም ዘነመ፤ ጥቃቅኑ ዘር በዛ፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ መንቈር ያላቸው በተራቸው ተጠቀሙ። ትላንት ተስማሚ የነበረው ዛሬ አልተስማማም። እንዲህ ከሆነ «ተስማሚ» ማለት «ኀያል» ማለት እንዴት ይሆናል? በወፎች ላይ የሆነውን ለሰው የተሠራ ሕግ አድርጎ የሚያነብስ ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ አይደለምን?